ከባንክ መስኮት ወደ ቴሌቪዥን ድራማ፦ ልልቀቅ ወይስ ልቅር?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የ25 ዓመት ሴት ነኝ። ባሕር ዳር በአንድ የግል ባንክ መስኮት ላይ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከሥራ ስወጣ ከአማተር የቴአትር ቡድን ጋር እለማመዳለሁ፤ ሙሉዓለም አዳራሽም መድረክ ላይ ወጥቼ አውቃለሁ። በቅርቡ ለአንድ ተከታታይ ድራማ በቴሌግራም ቪዲዮ ልኬ ተመረጥኩ። ገጸ ባሕርይዋ ከገጠር አዲስ አበባ መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ‹አነጋገርሽ ለእሷ የተሠራ ነው› አሉኝ። ቶሎ ነይ ይሉኛል፤ ስለ ክፍያ ስትመጪ እንነጋገራለን ብለዋል። እጮኛዬ ‹ሌላ ወንድ ሲያቅፍሽ አላይም፤ ወይ እኔን ወይ ድራማውን ምረጪ› አለኝ። ዘጌ ያለችው እናቴ ስነግራት አለቀሰች። ‹ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? አዝማሪ ልትሆኚ ነው?› አለችኝ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ሕልም የለኝም። ልልቀቅ ወይስ ልቅር? ልቧ የተከፈለ፣ ከባሕር ዳር።»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ከዚያ ሁሉ ቪዲዮ ላኪ መሐል መመረጥ ቀላል ነገር አይደለም። ጭንቀቱ መጥቶ ደስታውን እንደቀማሽ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል።

ደብዳቤሽ ረጅም ነው፤ እዚህ ያወጣሁት አሳጥሬ ነው። ስለ እጮኛሽ ገጽ ሙሉ ጻፍሽልኝ። ስለ እናትሽም እንደዚያው። ስለ ክፍያው ግን አንዲት መስመር ብቻ። እኔን ያስጨነቀችኝ እሷው መስመር ናት። እናት ታለቅሳለች፣ ቆይታም ትታረቃለች። እጮኛም ይኮርፋል፤ ከዚያ ወይ ይመለሳል ወይ መንገዱን ይቀጥላል። ሥራ ለቀሽ፣ ሻንጣ ይዘሽ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሶፋ ላይ እያደርሽ በገንዘብ መደራደር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ እምቢ ማለት አትችይም። እነሱም ይህን ያውቁታል።

«ልልቀቅ ወይስ ልቅር» ለማለት ገና ነሽ። መጀመሪያ የቀረበልሽ ነገር ምን እንደሆነ እወቂ።

የተከታታይ ድራማ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ። ብዙውን ጊዜ ድራማውን የሚሠራው ጣቢያው ራሱ አይደለም፤ ፕሮዲዩሰር ነው። ፕሮዲዩሰሩ ከጣቢያው ጋር የሚዋዋልበት መንገድ ይለያያል። ገንዘቡ ግን ዞሮ ዞሮ ከስፖንሰርና ከማስታወቂያ ነው። ስፖንሰሩ ሲዘገይ የተዋናይ ክፍያ ይዘገያል። ስፖንሰሩ ሲወጣ ድራማው መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። በ2011 ዓ.ም. አዲሱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ በቢራ ፋብሪካ ስፖንሰርነት የቆሙ ፕሮግራሞች ተንገዳግደዋል። አዋጁን አልቃወምም። የምልሽ፣ አንቺ የማታውቂው ቢሮ ውስጥ የተወሰነ ነገር ያንቺን ኪስ ይነካል ነው።

ተዋናይ የሚከፈላት ወይ በክፍል ነው ወይ በቀረጻ ቀን። በክፍል ከሆነ አንቺ የታየሽበት ክፍል ብቻ ነው የሚቆጠረው። በወር አራት ክፍል ተላልፎ አንቺ ሁለቱ ላይ ብቻ ካለሽ፣ የሁለቱን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ጸሐፊው ደግሞ «ልጅቷ አገሯ ገባች» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያሰናብታት ይችላል። በቀን ከሆነስ? ከጠዋት ጀምሮ ሜካፕ ተቀብተሽ ተቀምጠሽ፣ ያንቺ ትዕይንት ሳይደርስ ቢመሽ ይከፈልሻል? ልብሱስ የማን ነው? እኛ አገር ተዋናይዋ የራሷን ልብስ በሻንጣ ይዛ የምትመጣበት ቀረጻ ብዙ ነው። ከባሕር ዳር ስትጠሪ የአውሮፕላኑን ማን ይችላል? መንገዱ እንደ ድሮው ሌሊት ተነስተሽ አውቶቡስ ላይ ዘለሽ የምትወጪበት አይደለም። ይህን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ዛሬውኑ እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦ «ስለመረጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ከመምጣቴ በፊት የውሉን ረቂቅ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል። በስንት ክፍል እንደምታይ፣ ክፍያው በክፍል ይሁን በቀን፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ሥራው ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን ይገለጽበት።» ጨዋ መልእክት ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቀየምም። የሚቀየም ከሆነም ሻንጣሽን ሳትሸክፊ ማወቅሽ ነው። ለምዝገባ፣ ለሥልጠና፣ ለፎቶ ክፈይ ካሉሽ ግን እዚያው ብሎክ አድርጊያቸው። ቀጣሪ ገንዘብ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም።

ከዚህ በፊት አብረዋቸው የሠሩ አንድ ሁለት ሴት ተዋናዮችንም አፈላልጊ። ዛሬ በፌስቡክ የማይገኝ ሰው የለም። ገንዘባቸውን በጊዜው አግኝተው እንደሆነ፣ ቀረጻ ሲያመሽ ማን ቤት እንደሚያደርሳቸው ጠይቂያቸው። ሁለተኛዋ ጥያቄ የዋዛ አይደለችም። ሴት ልጅ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ «በይ እንግዲህ» ተብላ አስፋልት ላይ የምትተውበት ቡድን ሌላውም ነገሩ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ስታገኚያቸው ደግሞ ቢሮ ወይም ሰው የሚበዛበት ቦታ ይሁን፤ የምታምኚው ሰውም አብሮሽ ይሂድ። ሆቴል ክፍል ውስጥ የሚደረግ ኦዲሽን ኦዲሽን አይደለም።

ውሉ ሲመጣ እስከ መጨረሻው አንብቢው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኞችንም፣ ማለትም ተዋናይና ዘፋኝ የመሳሰሉትን፣ ይጠብቃል፤ አንቺም ከዋኝ ነሽ። ድራማው ነገ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን፣ ሌላ ጣቢያ ላይ ሲደገም ያንቺ ነገር ምን ይሆናል? ምናልባት ሰባራ ሳንቲም አይሰጡሽም። ቢሆንም ምን አሳልፈሽ እንደሰጠሽ አውቀሽ ፈርሚ። የፈረምሽበትንም አንድ ኮፒ ይዘሽ ውጪ። በባንክ ቤት ይህን ለደንበኛ ስትነግሪ ነው የምትውዪው።

አሁን ወደምትጫወቺያት ልጅ እንምጣ። «አነጋገርሽ ለእሷ የተሠራ ነው» ማለታቸው እኔን ትንሽ አስቆጥቶኛል። በድራማዎቻችን ላይ የጎጃም ለዛ ያለው ሰው ሲመጣ፣ ሥራውን ሳይነግሩሽ ትገምቻለሽ። ወይ ዘበኛ ነው ወይ የቤት ሠራተኛ ናት። የጎጃም ለዛ ያለው ሐኪም በድራማ ስንቴ አይተሻል? ባሕር ዳር ሆስፒታሎቹ ውስጥ ግን ሞልቷል። ዳኛውም፣ መሐንዲሱም፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩም እንደዚያው። ስክሪን ላይ ሲደርሱ የት እንደሚገቡ እንጃ።

የቤት ሠራተኛን መጫወት ውርደት ነው እያልኩሽ አይደለም። እንዲያውም ከባዱ ሚና ሊሆን ይችላል። በዚያ ቤት የሚሆነውን ሁሉ የምታየው እሷ ናት፤ እሷን ግን ልብ ብሎ የሚያያት የለም። ጥሩ ጸሐፊ እጅ ከገባች ድራማውን ትሸከመዋለች። ስክሪፕቱ ሲደርስሽ ስም እንዳላት እዪ። «ሠራተኛዋ» ተብላ ብቻ ከተጻፈች ነገሩ ግልጽ ነው። በር ከመክፈትና ቡና ከማቅረብ ውጪ ብቻዋን የምትሆንበት ትዕይንት ፈልጊ። የምትፈልገው ነገር አላት? የማታ ትምህርት ይሁን፣ ለእናቷ የምትልከው ገንዘብ ይሁን፣ አገሯ መመለስ ይሁን። እሷ ታስቃለች ወይስ በአነጋገሯ ነው የሚሳቅባት? ምንም ከሌላት፣ ፈቃድ ወስደሽ ለልምድ ሠርተሻት ተመለሺ። ባንክ የምታስለቅቅ ሚና ግን አይደለችም።

ምክንያቱም ይህ ሥራ ያጣብቃል። የቤት ሠራተኛ ሆነሽ ከታወቅሽ የሚቀጥለውም ጥሪ የቤት ሠራተኛ ነው። ፕሮዲዩሰር አንዴ የሠራለትን መድገም ይወዳል። ተመልካቹም ቢሆን ሚናውንና ተዋናይዋን አይለይም። ክፉ አማት ሆና የተጫወተች ሴት ታክሲ ውስጥ ስትመከርና ስትሰደብ መዋሏ በእኛ አገር የተለመደ ነው። ስለዚህ ቡድንሽ ውስጥ ሆነሽ ጠበቃም፣ ባለጌም፣ የሃምሳ ዓመት ነጋዴም ተጫወቺ። የአዲስ አበባውንም አነጋገር ልመጂ። የራስሽን ግን እንዳትጥዪው።

ስለ ካሜራም ልንገርሽ፤ ከመድረክ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደናገጠው። ሙሉዓለም አዳራሽ ስትጫወቺ ድምፅሽ የመጨረሻው ወንበር መድረስ አለበት። እጅሽም ፊትሽም አብሮ ይተልቃል። ቀረጻ ላይ መጀመሪያ የምትሰሚው ቃል «ቀንሺ» ነው። ካሜራው አፍንጫሽ ሥር ነው፤ ማይኩ ልብስሽ ውስጥ ተለጥፏል፣ ትንፋሽሽን ሳይቀር ይሰማል። ቅንድብሽን ብታነሺ ጩኸት ነው።

ቡና የምታቀርቢበትን ትዕይንት እንውሰድ። መጀመሪያ ሳሎኑ በሙሉ ይቀረጻል። ቀጥሎ የእመቤቲቱ ፊት ብቻ፣ ቀጥሎ ያንቺ ፊት ብቻ፣ ቀጥሎ ሲኒውና እጅሽ ብቻ። በመጀመሪያው ላይ «እሺ እትዬ» ስትዪ ረከቦቱን በግራ እጅሽ ነክተሽ ከነበር፣ በመጨረሻውም በዚያችው ቃል ላይ በግራ እጅሽ ትነኪዋለሽ። ሻሽሽ ጆሮሽን ሸፍኖ ከነበር እንደሸፈነ ይቆያል። እስከዚያ ድረስ ቡናው ቀዝቅዟል፤ አንቺ ግን አሁን ከጀበና እንደወረደ አድርገሽ ትይዢዋለሽ። ባጃጅ ያልፋል፤ «ቁረጥ!»። የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል፤ «ቁረጥ!»። አዛን ይሰማል ወይም ቅዳሴ፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ደግሞ ነገሩ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። ሳሎኑን የተከራዩ ቀን የሳሎን ትዕይንት በሙሉ አንድ ላይ ይለቀማል። ጠዋት ከቤቱ እያለቀስሽ ተባርረሽ፣ ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትቀጠሪያለሽ። ልጅቷ በዚያች ሰዓት ምን ታውቃለች፣ ምን አታውቅም የሚለውን የምትይዢው አንቺ ነሽ። ጥሩ ተዋናይ ስክሪፕቷ ዳር ላይ የምትጽፈው ይህንን ነው።

ይህ እዚያው ባሕር ዳር ሆነሽ የምትለማመጂው ነገር ነው። ስልክሽን በርጩማ ላይ አስደግፈሽ፣ አንዱን ንግግር በሦስት አቅጣጫ ቅረጪ። ከዚያ ድምፁን ዘግተሽ እዪው። ከፊትሽ ብቻ ነገሩ ካልገባሽ ድገሚው። ጣና ዳር ወጥተሽ እንዳትሞክሪ ብቻ፤ መልኩ ያምራል፣ ድምፁን ግን ነፋሱ ይበላዋል። የአሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ከተማሽ ውስጥ ነው። ለድራማ፣ ለትረካ ድምፅ ይፈልጉ እንደሆነ በእግርሽ ሄደሽ መጠየቅ ምንም አያስከፍልሽም።

ስለ ሕልምሽ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ሙያ ረጅም ዘመን የቆዩትን ሴቶች ብታዪ፣ ብዙዎቹ ሌላም ነገር በእጃቸው ነበር። አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ መድረክ ላይ ሲወጡ ወንዶች ገና ቀሚስ ለብሰው የሴት ሚና ይጫወቱ ነበር። እሳቸው ትወናውም ነበራቸው፣ ክራሩም ነበራቸው፤ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው እንዲያውም በክራራቸው ነው። አዜብ ወርቁ ትተውናለች፣ ትጽፋለች፣ ትተረጉማለች። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ፣ ፊታቸውን መንገድ ላይ የማናውቃቸው ልጆች ድምፃቸው በየሳሎኑ ገባ። ሌላ ነገር በእጅ መያዝ ለምን መሰለሽ? የድራማው አንድ ምዕራፍ አልቆ ሌላው እስኪጀመር ወራት ያልፋሉ። በእነዚያ ወራት ሰው እያወቀሽ፣ ፎቶ አብሮሽ እየተነሳ፣ የቤት ኪራይ ግን ላይኖርሽ ይችላል። ታዋቂ ሆኖ መቸገር ተራ ሰው ሆኖ ከመቸገር ይከፋል፤ ብድር መጠየቅ እንኳ ያሳፍራል።

ስለ እጮኛሽ ብዙ አልልም። የደነገጠ ከሆነ ቁጭ ብለሽ አነጋግሪው። የማትሠሪው ዓይነት ትዕይንት ካለ ከመጀመሪያው ውል ላይ ይጻፍልኝ ማለት ትችያለሽ፤ ይህ ያንቺም መብት ነው፣ እሱንም ያረጋጋዋል። ደግሞስ ያቺን የቤት ሠራተኛ ማን ነው የሚያቅፋት? ስክሪፕቱን አይቶታል? ነገሩ ትእዛዝ ከሆነ ግን ዛሬ ድራማው ነው፣ ነገ «ወይ እኔን ወይ ማስተርስሽን» ነው። «ወይ» እያለ የሚጀምር ትዳር አያምረኝም።

እናትሽ ሌላ ናት። እሷን በክርክር አታሸንፊያትም፤ ማሸነፍም የለብሽም። የእኛ አገር ሰው አዝማሪውን ሠርጉ ላይ ጠርቶ ይሸልመዋል፤ ልጁን ግን አይድርለትም። እናትሽ ይህን እያየች ነው ያደገችው። ዘጌ ደግሞ ትንሽ ናት፤ ገዳማቱ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት። «ባንክ የምትሠራው ልጄ» እያለች ጀልባ ላይ ለስንቱ አውርታ ይሆን? አሁን ምን ልትል ነው? እንባዋ ከዚህ ይመጣል።

ስለ ዮፍታሔ ንጉሤ ንገሪያት። የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው፤ ቅኔ የተማሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተነስተው ቴአትር የጻፉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የጎጃም የቅኔ ሰው ስም ያለበትን ቤት «የአዝማሪ ነገር» ለማለት እናትሽ ይከብዳታል። አንድ ነገር ደግሞ ከደብዳቤሽ ጎድሎብኛል። መድረክ ላይ አይታሽ ታውቃለች? አታውቅም ብዬ ልገምት። እንግዲያው በሚቀጥለው ትርኢታችሁ ከዘጌ አስመጥተሽ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጫት። አጠገቧ ያለው ሕዝብ ለልጇ ሲያጨበጭብ ትስማ። ላትስማማ ትችላለች፤ ቢያንስ የምታለቅሰው ባየችው ነገር ላይ ይሆናል።

አሁን ወደ ባንኩ። ውሉ ተፈርሞ እጅሽ ሳይገባ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳትጽፊ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ያልወሰድሽው ካለሽ የመጀመሪያውን ዙር ቀረጻ በፈቃድሽ ገብተሽ ማየት ትችያለሽ። ቀረጻውን በተከታታይ ቀናት ጠቅልለው እንዲይዙልሽም ጠይቂያቸው፤ ከሩቅ ለሚመጣ ተዋናይ ይህ ነውር ያለው ጥያቄ አይደለም። ለመልቀቅ ከወሰንሽም ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቅሻል። «ነገ ነይ» ለሚሉሽ ሰዎች ይህን ንገሪያቸው። በወር ከደመወዝሽ 7 በመቶ አንቺ፣ 11 በመቶ ባንኩ ለጡረታ የምትከፍሉት ገንዘብ በትወና ሥራ ላይ የሚከፍልልሽ አይኖርም። የሠራተኛ ብድር ካለብሽ ደግሞ ስትለቂ ወለዱና አከፋፈሉ እንዴት እንደሚሆን የሰው ሀብት ክፍሉን ቀድመሽ ጠይቂ። ይህን ሳያጣሩ ለቀው የደነገጡ የባንክ ልጆች አውቃለሁ።

የሦስት ወር የቤት ኪራይና ቀለብ ተቆጥቦ፣ ውሉ ተፈርሞ፣ ሚናዋም ሰው ሆና ከተገኘች፣ ሂጂ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በፈቃድሽ ብቻ ሥሪ። የውሉን ረቂቅ ሲልኩልሽ ስምና ስልካቸውን ሸፍነሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።